ግራናይት ቆራጮች ወተት ይታደለናል፤ ከአቧራው የሚጠብቀን ትክክለኛው መከላከያ ግን ምንድን ነው?

ፎርማን ከቃሊቲ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የእብነ በረድና የግራናይት ወርክሾፕ በፎርማንነት እሠራለሁ። ለደረጃ፣ ለመስኮት ደፍና ለማእድ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን ድንጋይ በልክ ቆርጠን፣ ጠርዙን ሞርደንና አለስልሰን እናስረክባለን። ትልቁ መቁረጫ ማሽን በውሃ ስለሚሠራ እምብዛም አቧራ አያነሣም። የሚያሳስበኝ ጠርዝ የምናስተካክልበትና የቧንቧ ቀዳዳ የምንከፍትበት የእጅ ግራይንደር ነው። ይህ ሥራ በደረቁ ስለሚከናወን፣ አንድ ልጅ የእቃ ማጠቢያ ቀዳዳ ከፍቶ እስኪጨርስ ድረስ ከክፍሉ ማዶ የቆመ ሰው ፊቱ አይለይም። ልጁ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ልብሱን በኮምፕሬሰር ያራግፋል፤ ከዚያም ለእያንዳንዳችን በየቀኑ የሚታደለውን ግማሽ ሊትር ወተት ይጠጣል።

ወተቱን በሚመለከት አሠሪያችን ቅን ሰው ነው፤ አስቀርቶብን አያውቅም። ለአፍንጫችን የሚሰጠን ግን በኮሮና ጊዜ ሁሉም ያደርገው የነበረውን ስስ ሰማያዊ ማስክ ብቻ ነው። በቅርቡ ከነባር ሠራተኞቻችን አንዱ ሳል ጠንቶበት፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው ጤና ጣቢያ ሄደ፤ የአክታ ምርመራ ተደርጎለትም ቲቢ እንደሌለበት ተነግሮት ተመለሰ። ሳሉ ግን አልለቀቀውም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወደ ግራይንደሩ ይመለሳል።

ወተቱ በእርግጥ አቧራውን ያጥባል ወይ? ካላጠበስ ምን ዓይነት ማስክ ነው የሚያስፈልገን? ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በምናገኝበት አካባቢ አቧራውን ከምንጩ መቀነስ የሚቻልበት መንገድ አለ? ሕጉስ በአሠሪው ላይ ምን ግዴታ ይጥላል? ይህን የምጠይቀው ከአሠሪዬ ጋር ለመጣላት አይደለም፤ በቂ ነገር ይዤ በአክብሮት ላነጋግረው ስለምፈልግ ነው።

ሲስተር ከአዳማ

ወንድሜ፣ ጉዳዩን እንዲህ አሟልተው ስላቀረቡት አመሰግናለሁ። ነርስ ነኝ፤ በፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ የወተቱን ነገር በቅርብ አውቀዋለሁ።

ወተት ከአቧራ አይከላከልም። የሚዋጠው ነገር ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ የሚተነፈሰው ነገር በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሁለቱ መንገዶች ከጉሮሮ በታች አይገናኙም። ብዙ ሠራተኛ ወተት ሲጠጣ ደረቱ የቀለለው የሚመስለው፣ ሸካራው አቧራ ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ሲያሳክከው ስለሚውልና ወተቱ ያንን አርጥቦ ስለሚያወርድለት ነው። ቅንድብ የሚያነጣው፣ በዐይን የሚታየው አቧራ ደግሞ ከሁሉ የከፋው አይደለም። እስከ ሳንባ ጫፍ ድረስ የሚዘልቀው ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች፣ በተለይም ከ4 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ሲሆን፣ እርሱ ለዐይን ሳይታይ ግራይንደሩ ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ይቆያል። ሠራተኛው ማስኩን አውልቆ ወተቱን የሚጠጣው ብዙውን ጊዜ በዚያው አየር ውስጥ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል።

የድንጋዩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በውስጡ ያለው ሲሊካ (አሸዋና ኳርትዝ የተሠሩበት ማዕድን) ጥቂት ነው፤ ግራናይት ግን ሲሊካው 30 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ደቃቁ ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ውጠው ሊያስወግዱት ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ራሳቸው ይሞታሉ፤ በቦታው ቁጣና ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው እየተጠራቀመ ሲሄድ ሳንባው ይደርቃል፤ መለጠጥም ያቅተዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሰውየው ከአቧራው ከራቀ በኋላም ሊባባስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ አቧራው እጅግ ሲበዛ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥም ይመጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ቦታ የሚተነፈሰውን ክሪስታል ሲሊካ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን ስለዚያ ነባር ሠራተኛ ልናገር። ሲሊካ የሳንባን መከላከያ ስለሚያዳክም ቲቢ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። በዚያ ላይ የሲሊኮሲስ ምልክትና የራጅ መልክ ከቲቢ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ የአክታው ውጤት ነጻ መሆኑ ጉዳዩን አይዘጋውም። እባክዎ ሰውየው ዳግመኛ ወደ ደረቅ ግራይንደር እንዳይመለስ ያድርጉ፤ ሌላ ሥራ ይስጡት። ስለ ምርመራው ቆየት ብዬ እጽፋለሁ።

ስሱ ሰማያዊ ማስክ የተሠራው የሐኪሙ ምራቅ በታካሚው ላይ እንዳይረጭ ነው። በጉንጭና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ክፍት ስለሆነ ደቃቁ አቧራ በዚያ በኩል ይገባል። ቢያንስ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል ምልክት ያለበት፣ ከተቻለ ደግሞ ኤፍኤፍፒ 3 ወይም ፒ 100 ማጣሪያ የሚገጠምለት የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ ያስፈልጋል። ይህን ስል ግን ማስክ የመጨረሻው መከላከያ መሆኑን እንዳይዘነጉ አደራ እላለሁ። ቅደም ተከተሉ በመጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ወይም አደጋው ባነሰ ነገር መተካት ነው፤ ያ ካልሆነ በውሃ ወይም በመሳቢያ ከምንጩ መቆጣጠር፤ ቀጥሎ የሥራ ሰዓትንና አሠራርን ማስተካከል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለተረፈው አቧራ ማስክ ማድረግ ነው።

በያጁ

እኔ የብረታ ብረት ሰው ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ብየዳ ላይ ነኝ። ወተቱ እኛ ዘንድም አለ፤ ቀለም ቤቶችና ማተሚያ ቤቶችም እንዲሁ ይሰጣሉ። እኔ ጿሚ ስለሆንኩ ረቡዕና ዓርብ አልጠጣውም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ ደግሞ 15 ቀን ሙሉ ወተቱን ለልጆቼ ይዤ እገባለሁ። በነዚያ ቀናት ጭሱ አይቀንስም። ይህን ለአለቃዬ ሳስረዳው በጥሞና አዳመጠኝ፤ ምክንያቱም ወተቱ በእርግጥ መከላከያ ከሆነ የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ መከላከያ እንደምሠራ ራሱ ተረዳው።

ስለ ብየዳ ጭስም ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልናገር። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ ሲበየድ የዚንክ ሽፋኑ ተቃጥሎ ነጭ ጭስ ይሆናል። የተነፈሰው ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይተኩሳል፣ ይቆረጥመዋል፣ አፉም ብረት ብረት ይለዋል፤ በአንድና በሁለት ቀን ይለቀዋል። ብዙዎቻችን ወባ ነው እያልን የወባ መድኃኒት ስንውጥ ኖረናል። መፍትሔው ሽፋኑን ከሚበየደው ቦታ ላይ ቀድሞ ፍቆ ማንሣት፣ ጭሱ ፊት ላይ እንዳያልፍ ራስን ከጭሱ መንገድ ማራቅና አየሩን በጎን በኩል የሚስብ ነገር ማዘጋጀት ነው። ይህንን የጭሱን ጉዳይ የሚንቁ ሰዎች፣ ያው ሲስተር የጠቀሱት የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ እንደመደበው ይወቁልኝ።

ዐይንንም በሚመለከት፣ የፀሐይ መነጽር አድርጎ በኤሌክትሪክ መበየድ ዐይንን ለጨረር አሳልፎ መስጠት ነው። ለተለመደው ብየዳ ጥቁረቱ ከ10 እስከ 13 ቁጥር የሆነ የብየዳ መስተዋት ያስፈልጋል። ሌሊት ዐይናቸው ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ሲቆረቁራቸው ድንች ከትፈው የሚያስሩ ልጆች ዛሬም አሉ፤ ቅዝቃዜው ሕመሙን ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል፤ የተቃጠለውን ዐይን ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ባለ ወርክሾፕ

እኔ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ባለቤት ነኝ፤ በዚህ ውይይት ከአሠሪው ወገን የሚናገር ሰው ስላላየሁ ጥቂት ልበል። መከላከያ ገዝተን እንሰጣለን። ጠዋት ያደርጉታል፣ ረፋድ ላይ ግንባራቸው ላይ ያወጡታል፣ ከሰዓት በኋላ ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። ይሞቃል ይላሉ፣ መነጽራችን ይሸፈናል ይላሉ፣ ስንነጋገር አንሰማማም ይላሉ። የደህንነት ጫማ የሰጠኋቸው አንዳንዶቹ ለታናሽ ወንድማቸው ሰጥተውት በነጠላ ጫማ ይመጣሉ። ጥሩው ማስክ በገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውም ውድ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ በሩን ለነገ ይፈልገዋል። ክፉ ስለሆንን አይደለም። ሠራተኛው በማይጠቀምበት ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ያስቸግራል። ምን እናድርግ ትሉናላችሁ?

ግራናይት ሠሪ ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በእኔ ሥራ ቦታ ያለውን ልንገርዎ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ የማእድ ቤት ድንጋይ በሚቆርጥ ወርክሾፕ ውስጥ እሠራለሁ። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሲሊካ ደንብ መሠረት፣ በ8 ሰዓት አማካይ ሲሰላ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ደቃቅ ሲሊካ መኖር የለበትም። ደቃቁ ብናኝ በዐይን ስለማይታይ አየሩ የጠራ መስሎ ገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ የሚታወቀው ወገብ ላይ ታስራ ከአንገት ሥር አየር በምትስብ ትንሽ ማሽን ተለክቶ ነው።

ማስክ ሲሰጠን መጀመሪያ የፊታችን ልክ ይፈተናል። ማስኩን አድርገን ሳለ ጭንቅላታችን ላይ እንደ ከረጢት ያለ ግልጽ ሽፋን ይደፋብንና በውስጡ እጅግ መራራ ፈሳሽ ይረጫል። አንገታችንን ግራና ቀኝ እናዞራለን፣ ቀና ጎንበስ እንላለን፣ ጮክ ብለን እናነባለን። ምሬቱ ምላሳችን ላይ ከተሰማን አየሩ በጎን እየገባ ነው ማለት ስለሆነ ሌላ መጠን ወይም ሌላ ዓይነት ይሰጠናል። መጀመሪያ የተሰጠኝ ማስክ በዚህ ፈተና ወድቆ በሌላ መጠን ተቀይሮልኛል። ፈተናው በየዓመቱ ይደገማል፤ ወጪውም የአሠሪው ነው።

ይህ መሣሪያ በሌለበት በእጅ መፈተን ይቻላል። ባለ ሁለት ማሰሪያውን ማስክ ይምረጡ፤ ጆሮ ላይ ብቻ የሚንጠለጠለው ብዙ ጊዜ በደንብ አይጠብቅም። የላይኛው ማሰሪያ ከጭንቅላት ኋላ ከፍ ብሎ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች አንገት ላይ ይዋል። በአፍንጫ ላይ ያለውን ብረት በሁለት እጅ ጣቶች ወደ ታች ተጭኖ ማስተካከል ነው፤ በአንድ እጅ መቆንጠጥ መሐሉን አጥፎ ክፍተት ይፈጥራል። ከዚያ ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍኖ በኃይል መተንፈስ ነው፤ አየር በዐይን በኩል ካመለጠ አልገጠመም። ጋሼ፣ መነጽራቸው እየተሸፈነ የተቸገሩት ልጆችዎ የነገሩዎ ይህንኑ ነው፤ ትንፋሹ በአፍንጫቸው ግራና ቀኝ እየወጣ ነው፤ በሚወጣበት በዚያው መንገድ ዱቄቱም ይገባል። በአንድ መጠን የተገዛ ማስክ ለሁሉም ፊት አይሆንም። ሁለት ሦስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ገዝተው ሠራተኞቹ ራሳቸው ሞክረው እንዲመርጡ ያድርጉ፤ ማስክ አውልቀው የሚያርፉበት ንጹሕ ቦታና ሰዓትም ይስጧቸው። ቀኑን ሙሉ ሳያወልቅ የሚሠራ ሰው የትም አገር የለም።

በፋብሪካ ከኳርትዝ ዱቄትና ከሙጫ የሚሠራውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ በሚመለከት ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በውስጡ ያለው ሲሊካ ከ90 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሠራተኞች በብዙ አገሮች ሳንባቸው ተጎድቷል፤ የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውም አሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ድንጋዩ እንዳይመረት፣ እንዳይሸጥና እንዳይገጠም ከልክላለች። ወደ ወርክሾፓችሁ ከመጣ ከግራናይት እኩል አትዩት።

ጥገና ባለሙያ

ፎርማኑ ስለ ውሃው የጠየቁት መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር። የውሃ እጥረት በደረቁ ለመቁረጥ በቂ ምክንያት አይደለም፤ ውሃው ተመልሶ ይሠራልና። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕና ቀጭን ጎማ ካለዎት፣ ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላይ ውሃ በቀጭኑ ማንጠብጠብ ይችላሉ። ከሥሩ በሲሚንቶ ቦይ ሠርተው ውሃውን ወደ ሁለት ጉድጓድ ይምሩት፤ በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል፣ ከሁለተኛው የጠራው ውሃ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ውሃ በመጣ ቀን የሚጎድለውን መሙላት ብቻ ነው።

ነገር ግን ተራውን የኤሌክትሪክ ግራይንደር በውሃ አጠገብ ማሠራት ሌላ ሞት መጥራት ነው፤ ለዚያ አልተሠራም። ወርክሾፑ ኮምፕሬሰር ስላለው በአየር የሚሠራ፣ ውሃ በመሐሉ የሚያልፍ የእጅ ማለስለሻና መቁረጫ ይግዙ፤ ኤሌክትሪክ እጅ ላይ አይደርስም። ኤሌክትሪክ ግድ ከሆነ ለውሃ ሥራ የተዘጋጀውን ዓይነት ብቻ፣ መሬት መስመሩ ተፈትሾ፣ ፍሳሽ ሲኖር በቅጽበት የሚያጠፋ ማቋረጫ ተገጥሞለት ይጠቀሙ። መሸፈኛና የቫኪዩም ቱቦ ያለው ግራይንደርም አለ፤ ቫኪዩሙ ግን ደቃቁን የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ከሌለው አቧራውን በኋላው መልሶ ይተፋዋል።

ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ዛሬውኑ ይቁም። ልብስ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ደቃቅ ብናኝ እንደገና ወደ አፍንጫ ቁመት የሚያነሣው እርሱ ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ አየር ዐይንን ያጠፋል፤ በቁስል በኩል ቆዳ ሥር ገብቶም ይጎዳል።

የጽዳት ሠራተኛ

ስለ ቆራጮቹ ብዙ ተነገረ፤ ስለምንጠርገው ሰዎችም ይታሰብ። እኔ በአንድ ወርክሾፕ ማታ ማታ እጠርጋለሁ። ቆራጮቹ ከሄዱ በኋላ የቀረውን ነጭ ዱቄት በደረቅ መጥረጊያ ስጠርግ አየሩ እንደገና ይሞላል። አፍንጫዬን የምሸፍነው በነጠላዬ ጫፍ ነው። ማስክ ሲታደል ስማችን ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ የቀን ሠራተኞችም እንደኔው ናቸው። ነጠላዬን ደግሞ ለብሼው ቤቴ እገባለሁ፣ ልጄንም አቅፍበታለሁ። ይህ ጉዳት አለው?

ሲስተር ከአዳማ

እህቴ፣ አዎ፣ ጉዳት አለው፤ ስለ ጻፉልንም ደስ ብሎኛል። ነጠላና ሻርፕ ሸካራውን ያስቀራሉ እንጂ ደቃቁን አይዙም። የእርስዎ ሥራ ወርክሾፑ ውስጥ አቧራ ከሚበዛባቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ እንደ ቆራጮቹ ያለ ማስክ ሊሰጥዎት ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ወለሉ በውሃ ይርጠብ፤ ረጥቦ በእርጥብ መወልወያ ወይም በጎማ ተገፍቶ ይሰብሰብ፤ ጭቃው ሳይደርቅ በከረጢት ይታሰር። ለሥራ ብቻ የሚለበስ ቱታና የፀጉር መሸፈኛ ይኑርዎት፤ እዚያው ይውለቅ፣ እዚያው ይታጠብ። በሥራ ልብስ ላይ የሚመጣ አቧራ ወደ ቤተሰብ እንደሚዛመት በድንጋይም፣ በእርሳስም፣ በጸረ ተባይ መድኃኒትም ሥራ የታወቀ ነው። በዝዋይና በደብረ ዘይት የአበባ እርሻዎች ጸረ ተባይ የሚረጩ ወገኖችም ይህንኑ ያስተውሉ፤ እነርሱ ከአቧራ ማጣሪያው በተጨማሪ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ካርትሪጅ (ማስኩ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ) ያስፈልጋቸዋል፤ ኤን 95 ብቻውን ትነቱን አያስቀርም።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

የሕጉን ክፍል እኔ ልመልስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ያስገድዳል። ከነዚህም መካከል ሠራተኛው ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋና ስለሚወሰደው ጥንቃቄ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር፣ በሥራ ላይ የደረሰን አደጋና በሥራ ምክንያት የመጣን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ ማስደረግ ይገኙበታል። ማቅረቡ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ የማስክና የጫማ ዋጋ ከደመወዝ ሊቆረጥ አይገባም። አዋጁ የሚናገረው ስለ ሠራተኛ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋንና የቀን ሠራተኛውን ለይቶ አላስወጣም።

አንቀጽ 93 ደግሞ ወደ እኛ ወደ ሠራተኞቹ ይመለከታል። የተሰጠንን መከላከያ በአግባቡ መጠቀም፣ ጉድለት ስናይ ለአሠሪው ማሳወቅ፣ የደህንነት መመሪያን ማክበር ግዴታችን ነው። ስለዚህ ባለ ወርክሾፑ ጋሼ ያነሡት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ሠርቶ የሚያሠራውም መንገድ መመሪያውን በጽሑፍ አውጥቶ፣ ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር ተወያይቶ በደህንነት ኮሚቴው በኩል ማስፈጸም ነው። መመሪያው ሳይወጣ፣ ሥልጠናው ሳይሰጥ፣ ማስኩም ሳይገጥም ጥፋቱን ሠራተኛው ላይ መጣል ግን ተገቢ አይደለም። ለጤናና ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ በማስጠንቀቂያ ተነግሮት አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል አንቀጽ 32 ይደነግጋል፤ ይህ ግን የመጨረሻ አማራጭ ስለሆነ ከመወሰናችሁ በፊት ማኅበራችሁን ወይም የአካባቢያችሁን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አማክሩ።

ወተቱን በሚመለከት የምለምናችሁ ነገር አለ። ይህን ውይይት ያነበበ አሠሪ ወተቱን አስቀርቶ ምንም ሳይተካ እንዳይቀር። ወተት ለደከመ ሰው ምግብ ነው፤ በብዙ የኅብረት ስምምነት ውስጥም በድርድር የተገኘ ጥቅም ነው። ምግብ ሆኖ ይቀጥል፤ ከአቧራው ርቆ፣ እጅ ታጥቦ ይጠጣ፤ በጀቱ ላይ ግን በመከላከያነት አይመዝገብ።

ፎርማን ከቃሊቲ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ለአሠሪዬ ሰጠሁት፤ ረጅም ጊዜም ተነጋገርን። የጾሙ ነገርና የአንቀጽ 92 ጉዳይ በተለይ አሳስቦታል። በአየር የሚሠራውን የውሃ መቁረጫ ለመግዛት ተስማምቷል፤ እስኪመጣ ድረስ ደረቅ ቀዳዳ የመክፈት ሥራ አንቀበልም፤ ቀዳዳውን በትልቁ ማሽን በአራት ማዕዘን ብቻ እንከፍታለን። የኮምፕሬሰሩን የማራገፊያ አፍ ነቅዬ ቆልፌበታለሁ። የጽዳት ሠራተኛችንም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ እህታችን ባትጽፉልን ኖሮ አናስበውም ነበር።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ከቆራጮቻችን ሁለቱ ጺማቸውን ለሃይማኖታቸው ብለው ያሳደጉ ናቸው፤ ለእነርሱ ምን ይሻላል? ያ የሚያስለው ባልደረባችንስ የት ሄዶ ምን ብሎ ይናገር?

ግራናይት ሠሪ ከሜሪላንድ

ጺም ላይ የተደረገ ግማሽ ፊት ማስክ ዙሪያውን አይጠብቅም፤ ማጣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አየሩ በጺሙ መካከል ይገባል። ጺም ላላቸው የሚሆነው በባትሪ ኃይል የተጣራ አየር ወደ ጭንቅላት መሸፈኛ የሚነፋው ዓይነት ነው፤ ፊት ላይ መጣበቅ አያስፈልገውም። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱን ሰዎች በውሃ በሚሠራው ትልቁ ማሽን ላይ መመደብ ይሻላል። ጺማቸውን እንዲላጩ ማስገደድ አያስፈልግም።

ሲስተር ከአዳማ

ባልደረባችሁ የደረት ራጅና የሳንባ ትንፋሽ አቅም መለኪያ ምርመራ ወደሚገኝበት ሆስፒታል፣ የሚቻል ከሆነ የሳንባ ሐኪም ወዳለበት ይሂድ። ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ከላይ የተጠቀሰውን አንቀጽ 92 ያቅርቡለት። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ አስላለሁ ብሎ ብቻ አይናገር፤ ሐኪም ካልተነገረው በስተቀር የታካሚውን ሥራ አያውቅም። ግራናይት እንደሚቆርጥ፣ በደረቅ ግራይንደር መሆኑን፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ በቀን ስንት ሰዓት አቧራ ውስጥ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በፊትም ሌላ የድንጋይ ወይም የመንገድ ሥራ ሠርቶ እንደሆነ ይናገር። እርስዎ ይህንን በአንድ ገጽ ጽፈው ማኅተም አድርገው ቢሰጡት ይበልጥ ይረዳዋል። የቲቢ ምርመራው በአክታ ብቻ ሳይሆን በራጅም እንደገና ይታይለት፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ያቁም።

ሌሎቹም ነባር ቆራጮች ምንም ሳያስሉ የመነሻ ራጅና የትንፋሽ ልኬት ቢያስደርጉ መልካም ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከእርሱ ጋር ነውና። የምርመራው ውጤት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በእጁ ይሰጠው፤ ሥራ ቢቀይርም ይዞት ይሂድ።